የእኩልነት ፌስቲቫል በሜዳ ላይ፦ ከመግቢያው በር እስከ መድረኩ ጀርባ

የእኩልነት ፌስቲቫልን ለመመዘን ከሁሉ የሚያመቸው ሙዚቃው ሳይጀመር ያለው አንድ ሰዓት ነው። ጭብጨባው ገና ነው፣ ሕዝቡ አልሞላም፣ ሜዳው ባዶውን ይታያል። አዘጋጆቹ ገንዘባቸውን ምን ላይ እንዳዋሉት፣ ማንን አስበው እንደሠሩ፣ ማንን ደግሞ እንደረሱ ዞር ዞር ብሎ ማየት ይቻላል። «ሁላችንም እኩል ነን» የሚል ባነር ማሳተም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ መድረኩ ፊት ዊልቸር ሳይሰምጥ የሚያደርስ መንገድ ማንጠፍ ግን ዕቅድ፣ ልኬትና ወጪ ይጠይቃል።

ይህ ግምገማ አንድን ዝግጅት ነጥሎ አያነሳም። የሚመለከተው የተለመደውን ዓይነት ነው፦ በመናፈሻ ወይም በሜዳ ላይ ለአንድ ቀን የሚካሄድ፣ መግቢያው ነፃ ወይም ለነፃ የቀረበ፣ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰው የሚያስተናግድ፣ አንድ ዋና መድረክ፣ አንድ ትንሽ መድረክና የሥዕል ድንኳኖች ያሉት፣ ዘረኝነትን፣ የጾታ መድልዎንና የአካል ጉዳተኞችን መገለል እቃወማለሁ ብሎ የሚጠራ። አስተያየታችን ባጭሩ ይህ ነው፦ በድባቡ ውድ ትኬት ከሚሸጥበት ኮንሰርት ይበልጣል፣ በሥዕል ድንኳኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ያስደስታል፣ በመሬቱ፣ በመጸዳጃውና በሰዓት ድልድሉ ግን ደጋግሞ ይወድቃል።

መሬቱና መወጣጫው

ለምለም ሣር ለፎቶ እንጂ ለጎማ አይመችም። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ስለሆኑ ለስላሳ አፈር ላይ ቀድመው የሚቀበሩት እነሱ ናቸው። በክራንች የሚሄድ ሰውም፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ወላጅም እዚያው ይቸገራል። ካፊያ ከጣለ በኋላ ሺዎች ሲረግጡት ደግሞ ከመግቢያው እስከ መድረኩ ያለው መስመር ቀድሞ ጭቃ ይሆናል፤ ሁሉም የሚሄደው በዚያው ነውና። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ እርስ በርስ የሚጋጠሙ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ንጣፎች። ስፋታቸው ከ1.8 ሜትር ካላነሰ ሁለት ዊልቸሮች ይተላለፋሉ። አንድ ሜትር ብቻ ከሆነ አንዱ ሲመጣ ሌላው ወደ ጭቃው መውረድ አለበት፣ ወርዶም መመለስ አይችልም። ብዙ አዘጋጆች ንጣፉን ከመድረኩ ፊት አድርሰው ያቆማሉ። መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ መቅጃና የሥዕል ድንኳን ድረስ ካልቀጠለ ግማሽ ሥራ ነው።

ከንጣፉ ቀጥሎ የምናየው የኤሌክትሪክና የድምፅ ገመዶችን ነው። ገመዱን የሚሸፍነው ጎማ መኪና እንዳይጨፈልቀው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እንደ ጉብታ ይቆማል። ለእግረኛ ምንም አይደለም፤ ዊልቸርን ግን ያስቆማል፣ በነጭ በትር የሚሄድ ዓይነ ስውርንም ያደናቅፋል። ዛሬ ዲጂታል ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ያለው ሁሉ ከመድረኩ እስከ ድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛ የሚዘረጋው አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራም የገመድ እሽግ ሕዝብ መሐል መጎተት ሰበብ የለውም። ገመዱን በሜዳው ዳር ማዞር ወይም ጥልቀት የሌለው ቦይ ቆፍሮ መቅበር ይበቃል። ሽፋኑ የግድ ከሆነም ግራና ቀኙ በዝግታ የሚወጣ ማለፊያ ያለው ይመረጣል።

መድረኩ ራሱ ለሙዚቀኛው ምን ያህል ክፍት ነው? በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ድምፃዊ ወይም ከበሮ መቺ ሲጋበዝ ጉዳዩ የቁጥር ጉዳይ ይሆናል። ተቀባይነት ያለው የመወጣጫ ራምፕ ዳገት 1 ለ12 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። መድረኩ 1.2 ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 14.4 ሜትር ይሆናል። አንድ ተከታታይ ዳገት ከ76 ሴንቲ ሜትር በላይ መውጣት ስለሌለበት መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ማረፊያ ይጨመርበታል። ይህን ያህል ቦታ ከመድረኩ ጀርባ የሚገኘው አስቀድሞ በፕላኑ ላይ ከተሣለ ብቻ ነው። በዕለቱ ጠዋት የሚያስታውሱ አዘጋጆች አርቲስቱን ከነዊልቸሩ አራት ሆነው ተሸክመው ያወጣሉ። ይህ ለተሸካሚዎቹም ለአርቲስቱም አደገኛ ነው፣ ክብርንም ይነካል፣ በዚያ ላይ ሲወርድም ይደገማል። መድረኩን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ራምፑን ወደ 7.2 ሜትር ያሳጥረዋል፤ ጉዳቱ ከኋላ የቆመ ሰው አለማየቱ ነው። መሬቱ ተፈጥሯዊ ተዳፋት ካለው ግን መድረኩን ከታች፣ ተመልካቹን ከላይ አድርጎ ሁለቱንም ማትረፍ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ አዘጋጅ ስናይ ቦታውን ቀደም ብሎ በእግሩ የዞረ ሰው እንዳለ እናውቃለን።

ዊልቸር ተጠቃሚዎች መድረኩን የሚያዩበት ከፍታ፣ ማለትም ከፍ ያለ ወለል፣ በብዙ ዝግጅቶች አለ፣ ግን በትክክል አልተሠራም። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1.1 እስከ 1.2 ሜትር ላይ ነው። ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ዓይኑ 1.75 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከፊቱ የቆመው ረጅም ሰው ጭንቅላት ይጋርደዋል፣ እጁን ያነሳ ጨፋሪ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋበታል። ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ያስፈልጋል፣ ራምፑም በዚያው ልክ ይረዝማል። ለአንድ ዊልቸር 90 በ140 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይያዛል። አሥር ዊልቸር ከነአጋዦቻቸው በሁለት ረድፍ ለማስቀመጥና መሐሉ ላይ 1.5 ሜትር መተላለፊያ ለመተው ወደ 30 ካሬ ሜትር ይሄዳል። ከዚህ ያነሰ ስፋት ላይ «ለአሥር ሰው» ተብሎ ከተጻፈ፣ ወይ አጋዦቹ ከታች ይቀራሉ ወይ ዘግይቶ የመጣው ሰው አይገባም። ሌላው ደጋግሞ የሚታየው ጥፋት ቦታውን ፎቶ አንሺዎችና የስፖንሰር እንግዶች መውረሳቸው ነው። አንድ ቆራጥ አስተናባሪ መወጣጫው ሥር ካልቆመ ይህ የማይቀር ነው።

መጸዳጃው

ስለ መጸዳጃ ቤት በእኩልነት ፌስቲቫል ግምገማ ውስጥ ማውራት ለአንዳንዶች ዝቅ ያለ ጉዳይ ይመስላል። ለእኛ አይመስለንም። በብሪታንያ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የዝግጅት ደኅንነት መመሪያ፣ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ክፍት ለሚሆን ዝግጅት ለ100 ሴቶች አንድ መጸዳጃ፣ ለ500 ወንዶች አንድ መጸዳጃና ለ150 ወንዶች አንድ የቁም መሽኛ ያስቀምጥ ነበር። 4,000 ሰው፣ ግማሹ ሴት ቢሆን፣ ለሴቶች 20፣ ለወንዶች 4 መጸዳጃና 14 የቁም መሽኛ ማለት ነው። ለወንድ አሥር፣ ለሴት አሥር ብሎ እኩል ያካፈለ አዘጋጅ ሴቶቹን ከፕሮግራሙ ግማሹን በሰልፍ ያሳልፋቸዋል። በጋራ የሚጠቀሙበት ከሆነም ለሁሉም የሚበቃው ቁጥር የሚሰላው በሴቶቹ ፍላጎት እንጂ በአማካይ አይደለም።

ቁጥሩ ቢሟላም አቀማመጡ ያበላሸዋል። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ከሰዓት በኋላ መመጠጥ አለበት፤ የመምጠጫው መኪና ደግሞ ሕዝብ ከሞላ ወደ ሜዳው መሐል ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ረድፉ የአገልግሎት መኪና ከሚሄድበት መንገድ ዳር መሆን አለበት። ሜዳው መሐል የተደረደረ መጸዳጃ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ሲዘጋ ጥፋቱ የተጠቃሚው ሳይሆን የፕላኑ ነው። ለአካል ጉዳተኞች የተባለው ክፍል ወለሉ ከመሬት ጋር የተስተካከለ፣ ውስጡም 1.5 ሜትር መዞሪያ ያለው መሆን ይገባዋል። አሥር ሴንቲ ሜትር ደፍ ያለው ክፍል የዊልቸር ምልክት ስለተለጠፈበት ብቻ የዊልቸር አይሆንም። በብዙ ቦታ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖም ይገኛል። የመብራትም ጉዳይ አለ፦ ከጨለመ በኋላ ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ካልበራ ሴቶች ብቻቸውን አይሄዱም፣ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው መሄድ ይመርጣሉ።

ድምፁ

የሜዳ ድምፅ የሚበላሸው በአብዛኛው በመሣሪያ ማነስ ሳይሆን በአተካከል ነው። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የተራ ስፒከር ድምፅ 6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። በ5 ሜትር ላይ 100 ዲሲቤል የነበረው በ10 ሜትር 94፣ በ20 ሜትር 88፣ በ40 ሜትር 82 ይሆናል። ከኋላ ያለው አልሰማም ሲል ባለሙያው ዋናውን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ከፊት ያሉት ሕፃናትና አዛውንቶች ጆሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መስፈርት በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ ይላል። ቤተሰብ በሚመጣበት ሜዳ ከዚያ በታች መቆየት እንኳን አያስወቅስም፣ ያስመሰግናል።

ትክክለኛው መንገድ ሕዝቡ መሐል ሁለተኛ ጥንድ ስፒከር ማቆምና ድምፁን ማዘግየት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለተኛው ጥንድ ከመድረኩ 50 ሜትር ላይ ከቆመ 146 ሚሊሰከንድ መዘግየት አለበት። ባለሙያዎች ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሚሊሰከንድ ይጨምሩበታል፣ ጆሮ ድምፁ ከመድረኩ እንደመጣ እንዲቆጥረው። ይህ ካልተደረገ ከኋላ ያለው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ለጭፈራ ያን ያህል ላያስከፋ ይችላል፤ ንግግርን ግን ድራሹን ያጠፋዋል፤ የዚህ ዓይነት ፌስቲቫል ደግሞ ያለ ንግግር አይሆንም። ማይክራፎኑን ደረታቸው ሥር ይዘው የሚናገሩ እንግዶችን የሚያስተካክል ሰው መድረኩ ላይ መኖር አለበት። ካልሆነ በጆሮ የሚንጠለጠል ማይክ መስጠት ነው። የንግግሩን ወፍራም የታችኛውን ድምፅ መቁረጥም የነፋስና የእጅ ንክኪ ጉርምርምታን ያስቀራል።

ጎረቤት የሚያማርረው በባሱ፣ በወፍራሙ የታችኛው ድምፅ፣ ነው። ባስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳልና። ከሳብዉፈሮቹ (ከባስ ስፒከሮቹ) አንዱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ የሚላክለትን የድምፅ ሞገድ ገልብጦና አዘግይቶ በመድረኩ ጀርባ ያለውን ድምፅ መቀነስ ይቻላል። መሬቱ ቀድሞ ሲቀዘቅዝና ከላይ ያለው አየር ሞቅ ብሎ ሲቆይ ደግሞ ድምፅ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ቀን ያልተሰማበት ሰፈር ማታ ይረበሻል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ዓመት ፈቃድ የሚከለከሉ ዝግጅቶች ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ሰዓታቸውን ያልተቆጣጠሩ የሚሆኑት።

የሠፈር ቡድኖች የሚያገኙት ድምፅ ከሁሉ የሚያስቆጨን ክፍል ነው። ዋናው ድምፃዊ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ያደርጋል። ሠላሳ ሰው ያለው የሠፈር መዘምራን ቡድን ግን ሕዝብ እያየው ማይክ ይተከልለታል። የድምፅ ባለሙያው የማይክ ዝርዝርና የአቋቋም ሥዕል ከሳምንት በፊት ከተላከለት ይህ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ለሠላሳ ሰው አራት ማይክ ይበቃል፤ ከፊተኛው ረድፍ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት ከማይክ እስከ ዘማሪ ካለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ካልሆነ ድምፆቹ እርስ በርስ ይበላላሉ። በየዘማሪው እጅ ማይክ መስጠት መልካም ፈቃድ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ማፏጨት ነው። የክር መሣሪያዎች ላይ የሚለጠፉ ማይኮች ባትሪያቸው መድረክ ላይ የሚያልቅበት ጊዜ ስለማይጠፋ ትርፍ ባትሪ የመድረክ አስተባባሪው ኪስ ውስጥ ይገባል።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ፦ ጄኔሬተሩ ከሚያስፈልገው ኃይል ከ20 እስከ 25 በመቶ ትርፍ ይኑረው፣ ከመድረኩ ይራቅ፣ ሕዝብ እንዳይነካው ይታጠር። ድምፁና የሻጮች ድንኳን በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ሁለት የውሃ ማፍያ አንድ ላይ ሲበሩ መድረኩ ጸጥ ይላል። በሕዝብ አካባቢ ያለ እያንዳንዱ ሶኬት 30 ሚሊአምፔር የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በቅጽበት የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። እርጥብ ሣር ላይ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ

ፖስተሩ ላይ ያሉ ስሞችን መቁጠር ያሳስታል። የምንቆጥረው ደቂቃን ነው። ስምንት ሰዓት ማለት 480 ደቂቃ ነው፤ ዘጠኝ ቡድን በ35 ደቂቃ 315፣ በመሐል ስምንት መቀያየሪያ በ20 ደቂቃ 160፣ ሲደመር 475። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ትርፍ ግን የለውም። እያንዳንዱ መቀያየሪያ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢዘገይ 40 ደቂቃ ይጠፋል። ማን ይከፍለዋል? ውል ያለው ዋናው ድምፃዊ ሰዓቱ አይነካም። የሚቆረጠው መሐል ላይ ያለው የሴቶች ባንድ፣ የስደተኛ ወጣቶች ቡድን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣው ገጣሚ ነው። መድልዎ ያሰበ ሰው ሳይኖር መድልዎ የሚፈጸመው እንዲህ ነው። ሁለቱን መድረኮች ማፈራረቅ፣ ወይም ከበሮውን ጎማ ባለው ከፍታ ላይ አዘጋጅቶ እየገፉ ማስገባት መቀያየሪያውን በግማሽ ያሳጥረዋል። የጋራ ከበሮና የጋራ የጊታር አምፕሊፋየርም እንዲሁ። የመጨረሻው ድምፃዊ ውል ላይም መዘግየት ሲኖር ሁሉም እኩል እንደሚያጥር ቢጻፍ ነገሩ ያልቃል፤ ጥያቄውን ቀድሞ ማንሳት ብቻ ነው የሚከብደው።

ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ቦታው ይናገራል። ሴቶችን ሁሉ እኩለ ቀን ላይ፣ ሜዳው ሳይሞላ፣ ወንዶችን ደግሞ መብራቱ ሲያምር ያስቀመጠ ፕሮግራም በቁጥር ሃምሳ በመቶ ቢሆንም አልተመጣጠነም። ኪይቼንጅ የተባለው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሮ ፌስቲቫሎች እስከ 2022 የጾታ ተዋጽኦአቸውን ግማሽ በግማሽ እንዲያደርሱ ቃል ሲያስገባ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል፤ የባርሴሎናው ፕሪማቬራ ሳውንድም በ2019 ሚዛኑን የጠበቀ ፕሮግራም ይዞ ወጥቷል። ወደ ሌላው ጫፍ የሄደም አለ። በስዊድን ጎተንበርግ በ2018 የተካሄደው ስቴትመንት ፌስቲቫል፣ በሌላ ፌስቲቫል ላይ ለደረሱ ጾታዊ ጥቃቶች ምላሽ እንዲሆን «ከወንድ ነፃ» ተብሎ ተዋወቀ። የአገሪቱ የፀረ መድልዎ እንባ ጠባቂም በዚያው ዓመት መጨረሻ ማስታወቂያው ሕግ እንደጣሰ ወሰነ። ቁጣው የሚገባን ነው፤ በአገልግሎት ዓይን ስናየው ግን መብራት፣ የሠለጠነ አስተናባሪና ቅሬታ በቅጽበት የሚቀበል ድንኳን በር ላይ ሰው ከመምረጥ የተሻለ ይሠራል።

የመድረክ ቅንብርን በተመለከተ እስካሁን የተሻለ አላየንም የምንለው የቆየ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ሮክ አጌንስት ሬሲዝም ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞችን፣ ሬጌንና ፐንክን በአንድ መድረክ ያሰልፍ ነበር፤ መጨረሻ ላይም አብረው እንዲጫወቱ ያደርግ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከለንደን ትራፋልጋር አደባባይ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ሰልፍ ተደርጎ ስቲል ፐልስ፣ ክላሽና የቶም ሮቢንሰን ባንድ በአንድ ቀን ተጫውተዋል። የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው፦ አንዱን ሊሰማ የመጣ ሌላውን ሰምቶ ይሄዳል። «የባህል ሰዓት» ብሎ አንድን ማኅበረሰብ ለብቻው ያስቀመጠ ፕሮግራም ግን የዚያን ማኅበረሰብ ቤተሰቦች አምጥቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዟቸው ይሄዳል።

የክፍያም ጉዳይ አለ። የሠፈር ቡድኖችን «ለዓላማው ነው» ብሎ በነፃ አስጫውቶ ለድምፅ ኪራይና ለዋናው ድምፃዊ ሙሉ የሚከፍል አዘጋጅ ውጤቱን ያገኘዋል፦ በነፃ መጫወት የሚችሉት ብቻ ይመጣሉ። በዕለቱ የሚሰጥ መጠነኛ ክፍያና የትራንስፖርት ወጪ፣ መጠኑም ለሁሉም አስቀድሞ የተነገረ፣ አሰላለፉን ከማንኛውም መፈክር በላይ ይለውጠዋል።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መድረክ ላይ ማቆም እየተለመደ ነው፣ ደስ ይላል። የሚጎድለው ዝግጅቱ ነው። ግጥሞቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ካልተላኩ አስተርጓሚው የሚሰማውን እየገመተ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው ስምንት ሰዓት መተርጎም አይችልም፤ ጥንድ ሆነው በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ከቆዳቸው ቀለም የሚለይ ልብስ፣ ሁልጊዜ የማይጠፋ ለብቻቸው የተያዘ መብራት፣ ፊት ለፊትም መስማት ለተሳናቸው የተከለለ ቦታ ያስፈልጋል። የመድረኩ መብራት ጨልሞ አስተርጓሚው ሲጠፋ ማየት የተለመደ ነው። ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች በሰከንድ ከአራት ጊዜ በላይ ባይሄዱና ማስጠንቀቂያው መግቢያው ላይ ቢለጠፍ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ይጠበቃሉ። ከመድረኩ ራቅ ብሎ ጸጥ ያለ ድንኳን መኖሩም ለኦቲዝም ልጆች ወላጆች በመቆየትና በመሄድ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከጄኔሬተሩ ጎን የተተከለ «ጸጥታ ክፍል» ግን ቀልድ ነው።

የሥዕል ድንኳኖቹ

እዚህ ብዙ አንነቅፍም። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆኑ ኮምፔርሳቶዎችን አቁሞ ሕዝቡ አብሮ እንዲሥል ማድረግ ርካሽ፣ ቀላልና ሁልጊዜም የሚሠራ ነው። ባለሙያው ሠዓሊ የሥዕሉን መስመር አስቀድሞ ካወጣና ቀለሞቹን በቁጥር ከለየ የአምስት ዓመት ልጅም የሰባ ዓመት አዛውንትም ያበላሹት አይመስላቸውም። ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ያለው ከፍታ ለልጆችና ለዊልቸር ተጠቃሚዎች ይተው፤ ከላይ ያለውን ቆመው የሚሥሉት ይሥሉታል። በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይቀዳል። ቋሚ ሰሌዳ ነፋስ ይገፋዋልና ከኋላ ድጋፍና የአሸዋ ከረጢት ይፈልጋል። የምናማርረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥዕሉ በማግሥቱ የት እንደሚሰቀል ካልተወሰነ ድንኳኑ ሲፈርስ ከሚጣለው ቆሻሻ ጋር ይሄዳል፣ የሣሉት ልጆችም ያዩታል።

ደኅንነት፣ በተለይ ነፋሱ

ነፃ መግቢያ ያለው ዝግጅት ስንት ሰው እንደሚመጣ አያውቅም፤ ስለዚህ በር ላይ መቁጠር ግዴታ ነው። ለተመልካች በነፍስ ወከፍ መድረኩ የሚታይበት ግማሽ ካሬ ሜትር ቦታ ይሰላል፤ ድንኳንና የመድረኩ ጀርባ አይቆጠርም። በካሬ ሜትር አራትና አምስት ሰው ሲሆን አንዱ የሌላውን ግፊት መቆጣጠር አይችልም። በጠፍጣፋ መውጫ በደቂቃ በአንድ ሜትር ስፋት 82 ሰው ይወጣል ተብሎ ይሰላል። መውጫዎቹ ተደምረው 4 ሜትር ከሆኑ 5,000 ሰው ለመውጣት 15 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ8 ደቂቃ ለማስወጣት ወደ 7.6 ሜትር ያስፈልጋል። ሻጮች መውጫው አፍ ላይ ሲደረደሩ ይህ ስሌት ይፈርሳል።

የመድረክ ጣሪያን የሚያፈርሰው ነፋስ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ትርዒት ላይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ጣሪያው በነፋስ ተደርምሶ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። የሠፈር ፌስቲቫል መድረክ ትንሽ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፦ ከጎኑ የሚሰቀለው ትልቅ የመፈክር ባነር ራሱ ሸራ ሆኖ ነፋሱን ይይዛል፣ አምራቹ ባላሰበው ኃይልም አምዶቹን ይገፋል። ባነሩ ነፋስ የሚያሳልፍ መረብ ይሁን፣ በአንድ ስበት የሚፈታ ማሰሪያም ይኑረው። የነፋስ መለኪያው ጣሪያው ላይ ይሰቀል እንጂ ከታች አይያዝ። በስንት ፍጥነት ሙዚቃው እንደሚቆም፣ በስንት ሕዝቡ እንደሚርቅ አምራቹ በሰጠው ሰነድ መሠረት በጽሑፍ ይወሰን፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ሰውም አንድ ይሁን፣ ከዋናው ድምፃዊ ማናጀር ጋር የማይከራከር።

የጠፋ ልጅ ሲገኝ ስሙንና ልብሱን በመድረክ ማይክ ማሳወቅ አሁንም የምናየው ከባድ ስሕተት ነው። ወላጅ ያልሆነ ሰው «የኔ ነው» ለማለት የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ ይሰጠዋል። ወላጆች ወደ ልጆች ድንኳን እንዲመጡ ብቻ ይነገራል፤ መልኩንና ልብሱን ራሳቸው ሲገልጹ ይረጋገጣል።

ማን ይሂድ?

ልጆች ያሉት ቤተሰብ ያለ ማመንታት ይሂድ፤ ከሰዓት በፊት ይድረስ፣ ቦታውም ጥላውም ያኔ ነው ያለው። ለሙዚቃው ጥራት ብቻ የሚሄድ ሰው ከድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛ አጠገብ ይቁም፣ ሚዛኑ የሚስተካከለው እዚያ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም፣ መስማት የተሳነው ወይም ለብቻው መንቀሳቀስ የሚቸግረው ሰው ቀድሞ ደውሎ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ንጣፉ እስከ መጸዳጃው ይደርሳል ወይ? ማያ ከፍታው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ግጥሞቹ ለአስተርጓሚዎቹ ተልከዋል ወይ? መልሱ በቁጥርና በቀን ከመጣ መሄድ ነው። «በጎ ፈቃደኞቻችን ይረዱዎታል» ብቻ ከተባለ ግን ሌላ ዓመት መጠበቅ ይሻላል።